ከዕንቁ ጠላቂዎች መንደር እስከ ዓለም ገበያ፦ የሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ ሕይወት

በዕረፍት ወራት ወደ አገር ቤት ስንጓዝ ብዙዎቻችን በዱባይ በኩል እናልፋለን። ከመካከላችን ጥቂት የማይባሉት ዲራ በሚባለው አሮጌው የከተማዋ ክፍል ወርደው ለእናት ልብስ፣ ለታናሽ ወንድም ስልክ፣ ለምታገባ እኅት ወርቅ ገዝተዋል። በዲራ ውስጥ አማርኛ እየተነገረ እንጀራ የሚበላባቸው ቤቶች፣ ዕቃ ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ሱቆች አሉ። ከመርካቶ ተነሥቶ የሚመጣው ነጋዴም የሚሸምተው ከዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል ገበያ በበረሃ ዳር እንዴት ሊተከል እንደቻለ ስንጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ነዳጅ ነው እንላለን።

መልሱ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም። ዲራ የነጋዴ አገር የሆነችው ነዳጅ ከመገኘቱ ከ60 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። የዘመናዊቱ ዱባይ መሠረት የሆኑት ሥራዎች፣ ማለትም የወደቡ ጠረጋ፣ አየር ማረፊያው፣ ድልድዩና ባንኩ፣ የመጀመሪያው የነዳጅ መርከብ ከመጫኑ በፊት በብድርና በነጋዴ ገንዘብ ተሠርተው ያለቁ ናቸው። እነዚህን ያሠሩት ከ1958 እስከ 1990 ዱባይን የገዙት ሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል መክቱም ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የእርሳቸውን ሕይወት የምንተርከው አንድ ከተማ በዓለም ንግድና በውጭ ካፒታል የሚያድገው በምን መንገድ እንደሆነ፣ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል ለመመርመር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከራሺድ በፊት የነበረችው ዲራ

ዱባይን ለሁለት የሚከፍላት ከባሕር ወደ የብስ የሚዘልቅ የጨው ውሃ ክንድ ነው፤ ዐረቦቹ ኾር ይሉታል። በአንደኛው ዳር ዲራ፣ በሌላው ዳር ቡር ዱባይ ይገኛሉ። በ1833 ከአቡ ዳቢ ተለይተው የመጡ 800 ያህል የአል ቡ ፈላሳ ሰዎች በኾሩ አፍ ላይ ሰፈሩ። ዛሬም የሚገዛው የመክቱም ቤተሰብ የወጣው ከእነርሱ ነው። የሕዝቡ መተዳደሪያ ዓሣ፣ ቴምርና ከሁሉ በላይ ዕንቁ ነበር።

የዲራን ዕድል የለወጠው ነገር ግን ከባሕሩ ማዶ የመጣ ነው። በፋርስ ጠረፍ ሊንጋ የምትባል የታወቀች የንግድ ወደብ ነበረች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የፋርስ መንግሥት ጉምሩኩን አጥብቆ ከባድ ቀረጥ ሲጥልባት ነጋዴዎቿ መውጫ መፈለግ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የዱባይ ገዢ የነበሩት የራሺድ አያት ሼክ መክቱም ቢን ሐሸር ቀረጡን አንሥተው ነጋዴዎቹን ጠሩ። ሰዎቹም ቤተሰባቸውን፣ ገንዘባቸውንና ከቦምቤይ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ይዘው ተሻገሩ፤ የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከቦችም ተከትለዋቸው መጡ። በ1908 የታተመ የእንግሊዞች ጥናት በዲራ ዳር ብቻ 350 ያህል ሱቆች ቆጥሯል። ጎረቤት በሩን ሲዘጋ ዱባይ የራሷን ከፈተች። ይህ ነገር ወደፊት ደጋግሞ ስለሚመጣ አንባቢ ልብ ይበለው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። ያንን ዕንቁ ከባሕር ወለል የሚያወጡት ሁሉ ነፃ ሰዎች አልነበሩም። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍና ከአገራችንም ጭምር ተሸጠው የመጡ ባሮች ነበሩ። ነፃ የተባለውም ጠላቂ ቢሆን ለመርከቡ ባለቤት ባለዕዳ ነበር፤ ዕዳውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። የባሕረ ሰላጤው ንግድ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከውጭ በመጣ ጉልበት የቆመ ነው።

ልጅነትና የመከራ ዘመን

ራሺድ የተወለዱት በ1912 ነው። አባታቸው ሼክ ሰዒድ ቢን መክቱም ሥልጣን የያዙት በዚሁ ዓመት ነበር። እናታቸው ሼካ ሑሳ ቢንት አል ሙር በንግድና በፖለቲካ ጉዳይ ቃላቸው የሚሰማ፣ በዘመኑ ለሴት ያልተለመደ ሥልጣን የነበራቸው ብርቱ ሴት ነበሩ። ልጁ የተማሩት በዲራ በሚገኘው፣ አንድ የዕንቁ ነጋዴ ባሠራው በአሕመዲያ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቱ ቁርዓን፣ ዐረብኛና ሒሳብ ነበር። ከዚያ በላይ የሆነውን ትምህርት የቀሰሙት በአባታቸው ጉባኤ ነጋዴና የበረሃ ሰው ሲከራከር ተቀምጠው በማዳመጥ ነው።

ወጣትነታቸው በመከራ ዘመን ላይ ወደቀ። በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ የዕንቁን ገዢ አጠፋ፤ ጃፓኖች በሰው ብልሃት የሚያለሙት ርካሽ ዕንቁም የቀረውን ገበያ ጨረሰው። ከተማዋ በአንድ ሸቀጥ ብቻ ቆማ ነበርና ሸቀጡ ሲወድቅ አብራ ወደቀች። ነጋዴው ከሠረ፤ ጠላቂው ተራበ። ራሺድ ከዚህ ያገኙት ትምህርት ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም፤ በአንድ የገቢ ምንጭ ላይ የተኛ ከተማ በሰው አገር በሚሆን ነገር በአንድ ጀንበር ሊጠፋ ይችላል።

የ1938 ምክር ቤትና የ1939 ሠርግ

ስለ ራሺድ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ቀጥሎ የምንተርከውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኛ ግን ከሕይወታቸው ሁሉ ዋናው ማጠፊያ እርሱ ነው ብለን ስለምናምን ቆም ብለን እንመለከተዋለን።

በድሮው ሥርዐት ገዢው ገንዘብ የሚያገኘው ከነጋዴው ነበር፤ በመሆኑም ነጋዴው ሲያኮርፍ ገዢው ይደነግጥ ነበር። ነገር ግን በ1937 ሼክ ሰዒድ ከእንግሊዝ የነዳጅ ፍለጋ ኩባንያ ጋር ውል ፈረሙ። በዚያው ጊዜም በኾሩ ላይ የሚያርፉት የእንግሊዝ የባሕር አውሮፕላኖች ኪራይ መክፈል ጀመሩ። ገንዘቡ የሚሄደው ለገዢው በቀጥታ ስለነበር ከነጋዴው ጋር ያሰራቸው ገመድ ላላ። የዲራ ነጋዴዎችና ከራሱ ከገዢው ቤተሰብ የተከፉ ዘመዶች ተባብረው ገቢው የሕዝብ ይሁን፣ ወጪውም በምክር ይሁን አሉ። በጥቅምት 1938 ውጥረቱ ከዲራና ከቡር ዱባይ በኩል ጠመንጃ እስከ ማማዘዝ ከደረሰ በኋላ በእንግሊዞች አስታራቂነት 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ። ምክር ቤቱ በቆየበት ስድስት ወር ገደማ የጉምሩኩን አሠራር አስተካከለ፤ የትምህርት ሥራ ጀመረ፤ የከተማውን አስተዳደር መልክ ለማስያዝ ሞከረ። በመጨረሻም የገዢውን የግል ገቢ ወስኖ ቀሪውን ለሕዝብ ሥራ ለማዋል ተነሣ።

በመጋቢት 1939 ራሺድ የቀድሞውን የአቡ ዳቢ ገዢ ልጅ ሼካ ለጢፋ ቢንት ሐምዳንን ሊያገቡ ሆነ። ሠርጉ የሚደረገው በተቃዋሚዎቹ ሰፈር በዲራ ስለነበር ዕርቅ የወረደ መሰለ። ነገር ግን አጃቢ ሆነው ኾሩን የተሻገሩት የበረሃ ሰዎች መሣሪያ ይዘው ነበር። ጣሪያዎቹን ያዙ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ከተቃዋሚዎቹ ወገን የሞቱ አሉ፤ የቀሩትም ወደ ሻርጃ ሸሹ። ምክር ቤቱም በዚሁ አበቃ።

ከዚያ ቀን በኋላ የአገሩን ሥራ በእጃቸው ያስገቡት ራሺድ ናቸው፤ አባታቸው በስም ገዢ ሆነው እስከ 1958 ቆዩ። የሚያስገርመው ነገር ራሺድ የደመሰሱት ምክር ቤት የጀመራቸውን ሥራዎች፣ ማለትም የተስተካከለ ጉምሩክን፣ ትምህርት ቤቶችንና ማዘጋጃ ቤትን፣ ኋላ አንድ በአንድ ራሳቸው መፈጸማቸው ነው። ነጋዴውንም አላባረሩም፤ በየማታው በጉባኤያቸው አስቀምጠው ያማክሩት ነበር። የተወሰደበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም እንቢ የማለት መብት ነው።

ደለሉን መጥረግ

በ1950ዎቹ ኾሩ በደለል እየተሞላ ሄደ። ትልልቅ መርከቦች ባሕር ላይ ይቆሙና ዕቃው በጀልባ እየተጫነ ይገባ ነበር። ይህ ችግር የዱባይ ብቻ አልነበረም፤ የሻርጃም ኾር በደለል ተዘግቶ ነበር። በዚያን ዘመን ደግሞ ከሁለቱ የተሻለ ዕድል የነበራት ሻርጃ ነበረች። የእንግሊዝ የፖለቲካ ወኪል እስከ 1954 የተቀመጠው በሻርጃ ነበር፤ ከ1932 ጀምሮ አየር ማረፊያም ነበራት። ልዩነቱን ያመጣው በአንድ ጊዜ ላይ የተወሰደ እርምጃ ነው።

ራሺድ የእንግሊዝ መሐንዲሶችን አስጠንተው ከኩዌት መንግሥት ተበደሩ፤ ለዲራና ለቡር ዱባይ ነጋዴዎችም ቦንድ የሚባለውን የብድር ሰነድ ሸጡ። የጠረጋው ዕዳ ከከተማዋ ዓመታዊ ገቢ የሚበልጥ ነበር። ሥራው በ1959 ተጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሬውን ሰጠ። ከወለሉ የወጣው አሸዋ እንኳ ለከንቱ አልቀረም፤ ዳሩን ሞልተው አዲስ መሬት አደረጉትና ለሕንፃ ሸጡት። ሳምቡኮችና ዕቃ ጫኝ ጀልባዎች በዲራ ዳር መራገፍ ጀመሩ፤ የሻርጃም ንግድ እየተሳበ ወደ ዱባይ መጣ። ዛሬ በሻርጃና በአጅማን ቤት ተከራይተው ማለዳ በመኪና ተጨናንቀው ለሥራ ወደ ዱባይ የሚጎርፉትን ሠራተኞች፣ ከእነርሱም መካከል የአገራችንን ልጆች፣ ስንመለከት የዚያን ጊዜው ልዩነት እስከ ዛሬ ምን ያህል እንደዘለቀ እንረዳለን።

ሌሎቹም ሥራዎች በዚሁ መንገድ ተከታተሉ። በ1960 በዲራ በኩል የአውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው መንደርደሪያ የተጠቀጠቀ አሸዋ ነበር። ሻርጃ በቅርብ ርቀት ማረፊያ እያላት ሁለተኛ መሥራቱ ለብዙዎች ትርፍ ነገር መስሎ ነበር። ራሺድ ግን ለሚመጣ አየር መንገድ ሁሉ ሰማዩን ክፍት አደረጉ። በ1963 ዲራንና ቡር ዱባይን የሚያገናኘው የመጀመሪያው ድልድይ ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ የተገኘው የልጃቸው ባል ከነበሩት ከቀጠር ገዢ ነው፤ ተሻጋሪውም መኪና ለዓመታት ቀረጥ ይከፍል ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚሻገረው አብራ በምትባለው ታንኳ ነበር፤ ታንኳዋ ዛሬም በሥራ ላይ ናት። በዚያው ዓመት የዱባይ ብሔራዊ ባንክ ተቋቋመ።

ወርቅ

ነዳጅ ከመምጣቱ በፊት ለዲራ ካፒታል ያጠራቀመላት ትልቁ ንግድ የወርቅ ንግድ ነው። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ወርቅ ወደ አገር እንዳይገባ ከልክላ ነበር፤ በ1960ዎቹ ሕጉን ይበልጥ አጠበቀችው። የሕንድ ሕዝብ ግን ለሙሽራ ወርቅ መግዛቱን አልተወም፤ በመሆኑም በቦምቤይ የወርቅ ዋጋ ከለንደን ዋጋ እጅግ በልጦ ይገኝ ነበር። የዲራ ነጋዴ ወርቁን ከለንደን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ በአውሮፕላን ያስመጣል፤ ዱባይም ሲገባም ሆነ ሲወጣ አትከለክልም። ከዚያ ፈጣን ሞተር የተገጠመላቸው ሳምቡኮች ወደ ሕንድ ጠረፍ ይጭኑታል። በሕንድ ሕግ ኮንትሮባንድ የሆነው ሥራ በዱባይ ሕግ ተራ ንግድ ነበር። ሕንድ በባሕረ ሰላጤው ይሠራበት የነበረው ሩፒ በዚህ ንግድ እየተመለሰ ቢያስቸግራት በ1959 ለዚያ አካባቢ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ሩፒ እስከ ማተም ደርሳለች። በ1966 ሩፒው ዋጋው ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ዱባይና ቀጠር የራሳቸውን የጋራ ሪያል አወጡ።

እዚህ ላይ የሊንጋ ታሪክ ተደገመ። ጎረቤት ሲከለክል ዱባይ ፈቀደች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ትርፍ ሆኖ በዲራ ቀረ። የዚህ ዓይነቱ ንግድ ለአንዱ ከተማ ዕድገት ሲሆን ለሌላው አገር የውጭ ምንዛሪ መድማት መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ዛሬ ከአፍሪቃ በሕጋዊ መንገድም በኮንትሮባንድም የሚወጣው ወርቅ ወደ ዱባይ በብዛት ሲጎርፍ የምናይ ሰዎች ይህን በሚገባ እንረዳዋለን።

ነዳጁና ታላላቆቹ ወደቦች

ነዳጅ በባሕር ውስጥ የተገኘው በ1966 ነው፤ መሸጥ የጀመረው በ1969 ነው። የዱባይ ነዳጅ ከአቡ ዳቢ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ራሺድም እንደሚያልቅ አውቀው ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ለወጡት። በ1967 በተጀመረው በፖርት ራሺድ የመጀመሪያው ዕቅድ አራት የመርከብ መቆሚያ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥራው ተጀምሮ ሳለ 16 እንዲሆን አደረጉ። ወደቡ በ1972 ሲመረቅ ያም አልበቃ ብሎ እንደገና እንዲሰፋ ተወሰነ። እንግሊዝ ከአካባቢው ለቅቃ ስትወጣ በታኅሣሥ 1971 የተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ሲመሠረት ራሺድ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዱባይን ጉምሩክ፣ ወደብና ነዳጅ ግን በራሳቸው እጅ አስቀሩ።

የ1970ዎቹ መጨረሻ የድፍረታቸው ጫፍ ነው። በ1979 ብቻ ከ60 በላይ መቆሚያዎች ያሉት የጀበል አሊ ወደብ፣ የአሉሚኒየም ፋብሪካና ባለ 39 ፎቁ የንግድ ማዕከል ተከፈቱ። ጀበል አሊ ከከተማው ርቆ በባዶ አሸዋ ላይ የተቆፈረ በመሆኑ ለጥቂት ዓመታት መርከብ የራቀው፣ የብዙ ሰው መሳለቂያ የሆነ ወደብ ነበር። ራሺድ በ1981 በጠና ታመሙና ሥራውን ለልጆቻቸው ለቀቁ። በ1985 በጀበል አሊ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲቋቋም ነገሩ ተለወጠ። በዚያን ጊዜ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የውጭ ባለሀብት ከግማሽ በላይ ድርሻ መያዝ አይችልም ነበር፤ በቀጠናው ግን ሙሉ በሙሉ የራሱ እንዲሆን፣ ግብር እንዳይከፍል፣ ትርፉንም እንዳሻው እንዲያወጣ ተፈቀደለት። በዚሁ ዓመት ኤሚሬትስ አየር መንገድ ተመሠረተ። ሼክ ራሺድ በጥቅምት 1990 ዐረፉ። በ1968 ቆጠራ 59,000 ያህል የነበረው የዱባይ ሕዝብ በ1985 ከ370,000 በላይ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ተኩል አልፏል።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የውጭ አገር ሰው ነው። ወደቡን የቆፈረው፣ ሕንፃውን የሠራው፣ ሕፃኑን ያሳደገው ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኢትዮጵያም የመጣ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም አይፈቀድለትም። ለረጅም ዘመን በአሠሪው ዋስትና ታስሮ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ሥራ መለወጥ የማይችል ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ሕጉ በየደረጃው ቢሻሻልም፣ በየቤቱ ተዘግተው የሚሠሩት እኅቶቻችን የሕጉን ጥላ የሚያገኙት ከሁሉ በኋላና ከሁሉ ባነሰ መጠን ነው። በ1939 ነጋዴው ያጣው እንቢ የማለት መብት ለሠራተኛው ጨርሶ የተሰጠበት ቀን አልነበረም። ያለ ጠያቂ መበደርም የራሱ ዋጋ እንዳለው በ2009 ታይቷል፤ የዱባይ ትልቁ የመንግሥት ኩባንያ ዕዳውን ለመክፈል የጊዜ ማራዘሚያ ሲለምን ከተማዋን ያወጣት የአቡ ዳቢ ገንዘብ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የሊንጋ ነጋዴዎች ወደ ዲራ በሚሻገሩበት ዘመን፣ በ1902 መጨረሻ፣ የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ። ሕንዱ፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በዚያ ሱቅ ከፈተ፤ ድሬዳዋም እንደ ዲራ ከዓለም ንግድ የተወለደች ከተማ ሆነች። ሆኖም በአንድ ሐዲድ ላይ ብቻ ቆማ ነበርና ሐዲዱ ሲያረጅ አብራ ደከመች። በ2022 በድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲከፈት ዲራ ከመቶ ዓመት በላይ የሄደችበት መንገድ መጀመሪያ ላይ ቆመናል ማለት ነው። በሌላ በኩል የራሺድን ወደቦች የወረሰው የዱባይ ኩባንያ የጅቡቲ መንግሥት በ2018 እስኪነጥቀው ድረስ በጅቡቲ ወደብ ሠርቷል፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በበርበራ ይሠራል። የኢትዮጵያ ዕቃ የሚያልፍበት በር የዲራ ልጆች ሒሳብ ውስጥ ገብቷል።

ከራሺድ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ንግድ የሚመጣው ጎረቤት ሲዘጋ ተዘጋጅቶ ለሚጠብቀው ነው፤ የራሱን ነጋዴ በቀረጥና በፈቃድ ብዛት የሚያስመርር አገር ለሌላው ከተማ ይሠራል። ከመርካቶ ወደ ዲራ የሚሄደው ገንዘብ ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ ወደብና መንገድ የሚሠራው ፍላጎቱ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። ሦስተኛውና ለእኛ ከባዱ፣ ይህ ሁሉ ያለ ምክር ቤት መሆን ነበረበት ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። የ1938ቱ የዲራ ሰዎች የጀመሯቸው ሥራዎች ከራሺድ ሥራዎች ጋር አንድ ስለነበሩ፣ ምክርና ዕድገት አብረው አይሄዱም የሚለው ክርክር በዲራ ታሪክ ራሱ ማስረጃ አያገኝም። ራሺድ የተሳካላቸው አስተዋይ ስለነበሩ ነው፤ አስተዋይነት ግን ከአባት ወደ ልጅ በሕግ አይወረስም። በዲራ ሱቆች ስንዞር ዋጋ ከመጠየቅ አልፈን ይህንንም እንድንጠይቅ፣ ኢኮኖሚክስና ምሕንድስና የሚያጠኑ ጓዶቻችንም ስለ አገራችን ከተሞች በኅብረታችን ውይይት ላይ ሐሳባቸውን እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።